ያልተገኘችው የመርፌ ጫፍ

ውድ እትዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው። ስቀመጥ እግሬ ፔዳል የሚረግጥ ይመስል አላርፍ ይላል፤ ጎረቤታችን «ወለሉን ልትሰፊው ነው እንዴ?» እያለች ታሾፍብኛለች። ነገ ጠዋት ከፋብሪካው መኪና ይመጣልሻል። እንዳትደነግጪ ብዬ ይህችን ወረቀት ዛሬውኑ በአውቶቡስ ሹፌር እልክልሻለሁ።

ያን ቀን ሸሚዝ ስትሰፊ ማሽኑ ጣትሽን ሲወጋሽ መርፌው ተሰበረ። አለቃችን እየሮጠ መጣና ያነሳው ሸሚዙን ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ የተሰበረ መርፌ ስብርባሪው በሙሉ ካልተገኘ ሥራ አይቀጥልም፣ ሸሚዙን የሚገዛው ሰው ቢወጋስ። በማግኔት አሰሰው፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበረከከ፣ ጫፏ የለችም። አንቺ ደምሽን በእራፊ ይዘሽ «ጣቴ ውስጥ ናት መሰለኝ» አልሽው። እሱ ግን ከኪሱ የሌላ መርፌ ጫፍ አወጣና «ይኸው ተገኘች» ብሎ የስፌት መስመሩን አስጀመረ። እጅሽ አብጦ መስፋት ሲያቅትሽ ደግሞ «ቤቷ ነው የተወጋችው» ተብለሽ ተባረርሽ። እኔ አጠገብሽ ሆኜ ሁሉንም አይቻለሁ።

«አፍሽን ይዘሽ ሥሪ፣ እማዬ ሁለት ሥራ ፈት አትችልም» ስላልሽኝ ዝም አልኩ። ትናንት ግን እማዬ ደውላ እብጠቱ ክንድሽ ድረስ እንደወጣ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ዛሬ የሸሚዙ ገዢዎች የላኳት ተቆጣጣሪ ሠራተኞችን ልትጠይቅ መጣች። አለቃችን «አንቺ ንግግር ታውቂበታለሽ» ብሎ እኔን አቀረበኝ። ከእኔ በፊት የገባችው የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ስለ ወገቧ ሕመም ስትነግራት ተቆጣጣሪዋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት፣ አበቃ። ስለ ጣትሽ ብነግራትም ያው እንደሚሆን ገባኝ።

«የተጎዳ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አንዲት የመርፌ ጫፍ አልተገኘችም» አልኳት።

እትዬ፣ ከወንበሯ ተነሳች። «የትኛው ሸሚዝ ውስጥ?» አለቃችንን ላብ አጠመቀው። የታሸገው ካርቶን በሙሉ እንዳይጫን ታገደ። «የእህቴ ጣት ውስጥ ናት፣ ራጅ አንሷትና እዩ» አልኩ። እኔን ወዲያው በዘበኛ አስወጡኝ፤ አንቺን ግን ሆስፒታል ወስደው ራጅ ሊያነሱሽ ነው።

የሚወስዱሽ ለሸሚዙ ብለው ነው፣ አንቺ ለጣትሽ ብለሽ ግቢ። ነገ ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ብቻ አደራሽን፣ ራጁ ላይ ከታየች ካርቶናቸው ነጻ ይወጣል፣ ያኔ «በይ ደህና ሁኚ» ይሉሻል። ሐኪሙ ሳያወጣልሽ ከአልጋው ንቅንቅ እንዳትዪ።

ሥራ የፈታችው ታናሽሽ