ታብሌቶቹ ካርቶን ውስጥ የዋሉበት ማክሰኞ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 — ቦንጋ

ዛሬ አሸነፍኩ! ማንም ባያውቅልኝ እዚህ ልጻፈው።

አዲሶቹ ታብሌቶች ከመጡ ጀምሮ አብረውኝ የሚያስተምሩት ጋሽ ወልዴ የተማሪዎቹን የቡድን ሥራ በእነሱ ካላሠራን ብለው ድርቅ አሉ። «ቪዲዮ ይሥሩ!»

«ጋሼ፣ ሥራውን ሲጨርሱ ምን ማድረግ እንዲችሉ ነው የምንፈልገው?» አልኳቸው። እስኪመልሱልኝ አልለቀቅኳቸውም። ስንት ቀን ተጨቃጭቀን ተስማማን፦ ቡና መሬት ላይ ሲሰጣ ለምን እንደሚበላሽ ለገበሬ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ማስረዳት እንዲችሉ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ መሣሪያ መምረጥ ምን ያስቸግራል? አንድ እፍኝ የሻገተ ቡና፣ አንድ እፍኝ ንጹሕ ቡና። በቃ።

ዛሬ ተማሪዎቹን ማንኪራ የሚባለው የቡና መንደር ወሰድናቸው። አንድ አባት ግቢያቸው ውስጥ ልጆቹን በጥያቄ አፋጠጧቸው። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው አልማዝ ሁሉንም መለሰችላቸው። አባትየው ሁለቱን እፍኝ ደጋግመው አሸተቱና መሬት ላይ ያሰጡትን የራሳቸውን ቡና ማንሳት ጀመሩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም!

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ወልዴ «ለሚቀጥለው ሥራ ታብሌቶቹን…» ብለው ጀመሩ። ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እየሳቁ። «መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።»