ጉዳዩ፦ የእናቴን ፊት እንዲመልሱልን ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ ወልደአረጋይ
የተመላሾች ጉዳይ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጅግ እንደምጨነቅ ይወቁልኝ። የደብረ ብርሃን ውርጭ በሸራችን ቀዳዳ እየገባ እኛን እንደሚጠይቀን ወደ ቢሮዎ ጎራ እንዳይል፣ ድምፅዎንም እንዳይዘጋው እመኛለሁ፤ እርስዎ ዝም ቢሉ ደስተኞች መሆናችንን ማን ይነግረን ነበር?

ሠናይት ሞላልኝ እባላለሁ። ከወለጋ ተፈናቅዬ በዚህ ከተማ ዳር ባለ መጠለያ ከእናቴ ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው። እናቴን ያውቋታል። ከከተማው ማዶ ባለው በሌላኛው መጠለያ በር ላይ፣ ቁመቷን ሦስት እጥፍ አድርገው በሥዕል የሰቀሏት ሴት እሷ ናት። ከሥሯም «ወደ ቀዬዬ ተመልሻለሁ፤ ሰላም ነው፤ እናንተም ኑ» ብለው ጽፈውላታል። ስለ ክብሩ እያመሰገንኩ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች አቀርባለሁ።

፩. እናቴ ወደ ቀዬዋ አልተመለሰችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች።

፪. ፎቶውን የተነሳች ዕለት የአባቴ አርባ ገና አልወጣም ነበርና፣ እንደ ወጉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነበር። ፎቶ አንሺዎ «እማማ» እያለ፣ ፎቶው ብርድ ልብስ መታደሉን ለማሳየት ብቻ እንደሆነ አስረድቶ፣ ጥለቱ ወደ ታች ቢወርድ እንደሚያምርባት በትሕትና ለመናት። ኀዘንተኛን ነጠላ ማስገልበጥ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። እናቴ የለመናትን ሰው ማሳፈር አትችልበትምና ገለበጠችው። «ለቢሮው አገልግሎት» የሚለውን ወረቀት አንብቤ፣ ምንም የለበትም ብዬ በጣቷ ያስፈረምኳት ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዲግሪ የተመረቅሁት እኔ። ስለዚህ ከምስጋናው ድርሻ አለኝ።

፫. ወይዘሮ ፋንቱ በወለጋ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሥዕሉ በተሰቀለበት መጠለያ ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከተመላሾች አውቶቡስ ላይ ሆነው ደወሉልኝ። «ምነው ዝናሽ ሳትነግረኝ ሾልካ ሄደች? እሷ ሰላም ነው ካለችማ እኔ ምን ቤት ነኝ፤ መጣሁልሽ በያት» አሉኝ። እናቴ እዚሁ እንዳለች ብጮህም በሰው ጫጫታ አልሰሙኝም፣ መስመሩም ተቋረጠ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ስልካቸው ዝግ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም ብል እንደ እርስዎ ማጋነን ይሆንብኛል፤ ትቀምሳለች፣ ግን ጎርሳ ማኘኩን ትረሳዋለች።

፬. ቢሮዎ መጥቼ ሳመለክት፣ ምክትልዎ ዓላማው በጎ እስከሆነ ድረስ እናቴ «ምሳሌ» ብቻ መሆኗን አስረዱኝ። ስለ ትምህርቱ እግዜር ይስጣቸው። የፋንቱ ልጆች የተሳፈሩበት አውቶቡስም ምሳሌ እንደነበር ቢነግሩኝ ኖሮ እጽናና ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ማሳመን ነውር አይደለም። እናቴ ራሷ የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ በየሸራው እየዞረች እናቶችን ታሳምን ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው የወጡት እሷ ስለማትዋሽ ነው። እርስዎ የወሰዱት ይህንን ነው እንጂ ፎቶዋንማ ብንተውልዎት ምን ነበረበት። ያሳመኑት ሰው እውነቱን ሁሉ ቢሰማም ከሐሳቡ አይናወጥም፤ ያታለሉት ግን እውነቱ እንዳይደርሰው ዕድሜ ልክ ዘብ መቆም ይጠይቃል። አድካሚ ሥራ ነው፤ አዝንልዎታለሁ።

ሁለተኛው አውቶቡስ ሐሙስ ይነሳል፤ ሠላሳ ሁለት አባወራ መመዝገቡን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ሥዕሉን ያውርዱልን፤ ወይዘሮ ፋንቱና ልጆቻቸው የት እንዳሉም ይንገሩን። እለምንዎታለሁ። ይህን ቃል ብቻ ያለ ምንም ሽሙጥ ጽፌዋለሁ።

ለክቡርነትዎ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት፣ ከዚያ ቅንጣት ሳልጨምር እያቀረብኩ፣ ጎንበስ ሳልል ቆሜ እሰናበታለሁ።

ሠናይት ሞላልኝ
ከመጠለያው፣ ደብረ ብርሃን

ማስታወሻ፦ እንቀደዋለን ብለው ጥበቃ እንዳይጨምሩ፤ የመንግሥት ንብረት አንነካም። ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው መሳፈር ሳይጀምር፣ እናቴ ሄዳ ከሥዕሉ ሥር ትቆማለች፤ እኔም አጠገቧ። አንዲት ቃል አንናገርም። ሥዕሉንም እሷንም አይቶ የሚሳፈር ካለ፣ መልካም መንገድ እንመኝለታለን።