ወንድሜ የበሳት ጀልባ

ሰኞ
በሳት። ከገበያ ስመለስ ወንድሜ ሽፈራው መብሻ ትራፓኖውን ይዞ ጀልባዋ ውስጥ ቆሟል። የፋኖሱን ማቆሚያ መቀመጫው ላይ እሰርልኝ ብዬው ነበር። እሱ ወለሏን አራት ቦታ በስቶ በብሎን አሰረው፤ ዙሪያውን ካትራሜ ለቀለቀበት። "ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ በካትራሜ ደፍኛለሁ" አለ። ጣሪያ ሰው አያሰምጥም አልኩት። "አንቺ ደግሞ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ መሐንዲስ ሆነሻል።"
ጀልባዋ ቅዳሜ በመኪና ወደ ዓለማያ ትወጣለች፤ ልጄ ታምራት ሐይቁ ላይ ዓሣ ሊያጠምድባት ነው። ታምራት ዋና አያውቅም።

ማክሰኞ
እኩለ ቀን ላይ ካትራሜው እንደ ማር ፈሰሰ። ሽፈራው "ዓለማያ ብርድ ነው፣ እዚያ ይጠጥራል" ይላል። ይጠጥር ይሆናል። ልጄን ግን "ይሆናል" ላይ አልጭነውም።

ረቡዕ
ድሬ ላይ ጀልባ የምሞክርበት ውኃ የት አለ? ስለዚህ ውኃውን ወደ እሷ አመጣሁ። ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኋትና ከቦኖ እየቀዳሁ ውስጧን ሞላሁ። የቦኖው ጥበቃ "ጓዲት፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?" አለኝ። ለልጄ አልኩት። ጎረቤቴ ፋጡማ በአጥር አሻግራ "አቦ ዘነቡ፣ ደቻቱ ወንዝ እስኪሞላ መጠበቅ አቃተሽ?" አለች።
ከሥሯ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ከሁለት ብሎኖች ጠብ፣ ጠብ፣ ግንባሬ ላይ። ደስ አለኝ። እዚህ ታፍስስ።
ውኃ መድፋት ነውር ነው። ፋጡማ ልብሷን ይዛ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጀልባዬ ውስጥ አጥበው፣ ሲስቁብኝ ዋሉ።

ሐሙስ
ካትራሜውን በላምባ ጠረግሁ። የሚያስፈልገኝ፦ አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ፣ ለብሎኖቹ ሰፋፊ ሮንዴላ፣ መፍቻ፣ ትዕግሥት። ትዕግሥቱን ባሌ አስተምሮኝ ሞተ፤ መፍቻ ግን አንድ ቀን አላስነካኝም። የካላማዳሪውን ላስቲክ ክብ ክብ አድርጌ ቆርጬ ከሮንዴላው ጋር ከወለሉ ከላይም ከታችም አስገባሁ። ገና በጠዋት፣ ብረቱ ሳይግል፣ የብሎኖቹን ዳዶ በመፍቻ አጠበቅሁ። ላስቲኩ ጠርዙ ላይ እስኪያብጥ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ይቀደዳል።
እንደገና ሞላሁ። ከሥሯ ደረቅ ነው። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰ። "ሙቀቱ አድርቆት ነው" አለ። እስከ ማታ ውኃውን አልቀነስኩም። ያው ደረቅ።

ቅዳሜ
ሄደች። ታምራትን "ውኃ ላይ እንደወጣህ ወለሉን በእጅህ ዳብስ" አልኩት። "እሺ እማ፣ ሰባት ጊዜ ነገርሽኝ" አለ። እህል አልወርድ ብሎኛል። በእጄ ሥራ ግን አልተጠራጠርኩም።

እሑድ
ጀልባዋን የጫነው ሹፌር ከዓለማያ ተመለሰ። "እማማ፣ ልጅሽ ጠዋት አጥምዶ ሲወርድ አየሁት። ካልሲው እንኳ አልራሰም።" ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ሽፈራው ቆሞ ሰምቷል። "ብሎኖቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለ። ልጄ ደረቅ ነው፤ እሱ የፈለገውን ይበል።