ፈሳሹ ጨውሽ

አሰላሙ አለይኩም እታለም፣

እንዴት ነሽ? ያለሽበት ሰፊ ይሁን፣ ብርሃንም አይጥፋበት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ አሁን አሁን እህል መቅመስ ጀምራለች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ተመልሶ የቡታጅራው ቤት ጭር ብሏል። እኔ ከትናንት ጀምሮ ወልቂጤ፣ የኪራይ ክፍላችን ውስጥ ነኝ።

እማ የላከችኝ ዕቃሽን ጠቅልዬ፣ ከትምህርት ቤቴም የመልቀቂያ መሸኛ ወስጄ እንድመለስ ነው። ወባ አንዷን ወሰደብኝ፣ ሌላውን እዚያ አልተውም አለች። ምን ብዬ ልከራከራት?

ሩፋይዳ፣ የላብራቶሪ ጓደኛሽ፣ ደውላልኝ ነበር። ከመታመምሽ በፊት ያዘጋጀሽው ድብልቅ እንዳለ ተቀምጧል፤ ቦታው ለሌላ ተማሪ ስለተፈለገ ሊደፋ ነው አለችኝ። ሳላየው አትድፉት ብያት ትናንት ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ሄድኩ።

ውሃ ሳይነካው፣ ሳይሞቅም ፈሳሽ የሚሆን ጨው አለ ስትይኝ ስቄብሽ አልነበር? ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ተሳፋሪ ፍራሽና ጀሪካን ቢይዝ ተደርድሮ መቀመጥ አይችልም፤ የዚህ ጨው ቅንጣቶችም ግዙፍና ቅርጸ ቢስ ስለሆኑ ተደርድረው ጠጣር አይሆኑም አልሽኝ። ትናንት በዓይኔ አየሁት። ከፍልውሃ የቀዳሽው ውሃ ከላይ፣ ጨውሽ ከታች፣ መሃላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ብልቃጡን ባዘነብለውም መስመሩ ለጥ እንዳለ ነው። ከፍልውሃው ልታወጪው የፈለግሽው ሊትየም፣ ያ የባትሪው ብረት፣ ውሃውን ትቶ ወደ ጨውሽ ወርዶልሽ ይሆን? ማወቅ የፈለግኩት ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሩፋይዳ የታችኛውን ለይታ በቀጭን አሲድ አጠበችው። የወጣውን እጣቢ በሽቦ ነክራ እሳት ላይ ያዘች። ሊትየም ካለው ነበልባሉ ቀይ ይሆናል ብላኝ ነበር። ቢጫ ሆነ። ደገመችው፤ ያው ቢጫ። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ሶዲየም አብሮ ገብቶ ነው፤ እሱ ካለ ሌላውን አያሳይም፣ ሠርግ ቤት እንደሚጮህ አጎት ነው፤ ቀዩ ከሥሩ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል አለችኝ። ታዲያ እንዴት ይለያያሉ አልኳት። እሱንማ እህትህ ነበረች የምታውቀው ብላ ፊቷን አዞረች። ድብልቁን ግን አልደፋችውም፤ ወደ ራሷ መደርደሪያ ወሰደችው።

ዛሬ በዚህ ክፍል ብቻዬን ነጋልኝ። ጠቅልዬው የነበረውን ፈትቼ ዩኒፎርሜን አወጣሁ። ተጨማዷል፤ እንዲሁ ለበስኩት። ለመሸኛው ቢሮ መሄድ ሲገባኝ ክፍል ገባሁ። ቲቸር ምንተስኖት ኬሚስትሪ እያስተማረ ነበር። እጄን አወጣሁና ሶዲየምና ሊትየም አብረው ፈሳሽ ጨው ውስጥ ከገቡ በምን ይለያያሉ ብዬ ጠየቅኩት። ከኋላ አንዱ፣ ጠፍቶ ጠፍቶ ሳይንቲስት ሆኖ መጣ ብሎ አሳቀብኝ። ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጠና ጥያቄውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ።

የእህቴ ነው አልኩት።

የሚስቅ አልነበረም። ቲቸር መልሱን እሱም እንደማያውቀው ነግሮኝ፣ ከምሳ በኋላ ና አብረን እንፈልግ አለኝ። እማ መሸኛውን ወሰድክ ወይ ልትለኝ ሁለቴ ደውላለች። ከቲቸር ጋር ስጨርስ እደውልላታለሁ።

አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ፣ ማረፊያሽንም ጀነት ያድርገው።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ከወልቂጤ