እናትህ ቅዳሜ አይመለሱም

ውድ የልጄ አባት፣

እናትህ ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ቅዳሜ ግን መናኸሪያ ሄደህ እንዳትጠብቃቸው፤ አይመለሱም። ራሳቸው በስልክ ሊነግሩህ ሞክረው ነበር፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለህ ዘጋህባቸው አሉ። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

ከተፋታን ወዲህ ከእሳቸው ጋር በስልክ እንኳ አውርተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ድንገት ደወሉና «ባሕር ሳላይ ልሙት እንዴ? ውሰጂኝ» አሉኝ። «እማማ፣ እኔና ልጅዎ እኮ ተለያይተናል» አልኳቸው። «የፈታሽ እሱ ነው፤ እኔ መቼ ፈታሁሽ?» አሉ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ።

የሄድንባት ከተማ ግማሿ ውሃ ነው። ሰው ሥራ የሚገባው በጀልባ ነው፤ ፖስታውም፣ አልጋና ቁም ሣጥኑም የሚጓዘው በጀልባ ነው። በየብሱ በኩል ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪና አያስገባም። በመጀመሪያው ቀን ከወደቡ እስከ ዓሣ ገበያው በጀልባ ዞርን። እናትህ የፊት ወንበር ይዘው ነጂውን «ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ አንጀቴን አናወጥከው እኮ!» ይሉታል። ያስታወከው ግን እኔን ነው፤ ጀርባዬን ደግፈው የያዙኝ እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ብስክሌት ተከራየን። ያገኘነው ባለሦስት ጎማ፣ ከፊቱ ሳጥን ያለው ነው። አከራዩ «ይሄ እኮ ለዕቃ ነው» ቢላቸው፣ «ታዲያ እኔስ? ልጄ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያዛውረኝ የከረመው ምን ብሎ መሰለህ?» ብለው ገብተው ተቀመጡ። አከራዩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የድልድዩን አቀበት ላብ በላብ ሆኜ ስገፋ «በርቺ፣ በርቺ!» ይላሉ። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ በደስታ ይጮኻሉ። እናትህ ሲጮኹ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ያን ሁሉ ዓመት ምራታቸው ሆኜ አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶች የጀልባ ሸራ ከሚሰፉበት አንድ ቤት ደጃፍ ደረስን። «አቁሚ» አሉና ወርደው ገቡ። ባለቤትዬዋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠቻቸው። ጥቂት ካዩ በኋላ መርፌ ጠየቁ። እኔ ብስክሌቱን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «ዓይንዎ ደክሟል» ብለህ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ለሰው ከሰጠህባቸው ወዲህ እጃቸው ሥራ ይዞ አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው ደክሟል፣ እውነትህን ነው። ክሩን ያስገባችላቸው ሌላ ሴት ናት። ስፌታቸውም ጠመመ። ባለቤትዬዋ ፈትታ እንደገና አሰፋቻቸው፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

በሦስተኛው ቀን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላሉም። ምሳ ላይ «ከላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው። እዚሁ ልቀመጥ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ ምን ይለኛል?»

«እሱ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ካንተ ጋር በኖርኩበት ዘመን እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት ለወቀሳ አይደለም፤ የሆነው ስለሆነ ነው። ትንሽ አሰብኩና «ይቀመጡ» አልኳቸው። እንግዲህ ከተቆጣህ እኔም አለሁበት።

ክፍሉን አይቼዋለሁ። ደረጃው አጭር ነው፤ መታጠቢያው እዚያው ነው፤ ሐኪም ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ ባለቤትዬዋን አደራ ብያታለሁ። «ከረሱማ መርፌውን እደብቅባቸዋለሁ» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ጀልባዬ ሲነሳ ዞሬ አየሁ። እናትህ መሬት ላይ የተዘረጋ ሸራ ጫፍ ይዘው ከአንዲት ሴት ጋር ይሟገታሉ። ቀና ብለው አላዩኝም። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ አላለኝም።

በወሩ መጨረሻ ልጃችንን ይዤ እሄዳለሁ። አንተም ከፈለግክ ና። ልትወስዳቸው ግን አትምጣ፤ ልትጠይቃቸው ና።

ደህና ሁን፣
የልጅህ እናት