ቁጥር አንድ ያልኩህ እኔ ነኝ

ውድ ኣንዶም፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልደፍርም። ሐዋሳ ከገባህ ወዲህ «እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» እያልክ ትጠጣለህ አሉኝ። ውሸት ነው። የዚያን ቀን ባትሪህን የጨረሰው ሙዚቃ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

በጦርነቱ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰፈራችን እንዳ ኢየሱስ ላይ በዐሥራ አራት ስልኮች የዘረጋነውን መስመር መቼም አልረሳኸውም። ያለ አንቴና፣ ስልክ ለስልክ እየተቀባበለ መልእክት ያደርስ ነበር። ስልኮቹን በቡድን ከፋፍዬ ለየቡድኑ አለቃ አበጀሁ፤ የአባላቱን መልእክት ሁሉ የሚቀበለውም የሚያደርሰውም እሱ ነው። ሕጌ ቀላል ነበር፦ ትንሹ ቁጥር ያለው አለቃ ይሁን። አንድን ለአንተ ሰጠሁ፣ ሁለትን ለራሴ። «አክብረሽኝ ነው?» ብለህ ስትስቅብኝ መሬት መሬት አየሁ።

አለቃ ግን አያርፍም። የሌላው ስልክ ሁለት ቀን ሲቆይ ያንተ ግማሽ ቀን አይሞላም ነበር። አውቅ ነበር። ባትሪ የተረፈው በየተራ አለቃ የሚሆንበትን አዲስ ሕግ ጽፌ ከጨረስኩ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። አልጫንኩትም። ስሞክረው ከአንተ ነጥሎ ከጎረቤታችን ከስብሓት ቡድን ጣለኝ፤ እኔ ደግሞ የምጽፋት እያንዳንዷ ቃል በአንተ እጅ እንድታልፍ እፈልግ ነበር። እወድህ ነበር። ይኸው፣ ወጣልኝ።

የዚያን ጠዋት ስብሓት «በመድፍ እየደበደቡን ነው፣ ከቤት አትውጡ» ብሎ ላከ። መልእክቱ ሲደርስ ስልክህ ሞቷል። ሌላ አለቃ እስኪመረጥ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። እናትህ እትዬ ሸዋወርቅ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሳቸው ጤፋቸውን ተሸክመው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ነበር።

ስደርስ የመድፉ ፍንጣሪ አንገታቸውን በጥሶታል። በሁለት እጅህ ደማቸውን ልታቆም ትታገላለህ፤ የፈሰሰው ጤፍ ክንድህ ላይ ከደሙ ጋር ተጣብቋል። «ባትሪውን በሙዚቃ ጨረስኩት!» እያልክ ጭንቅላትህን ከግድግዳው ጋር ስታጋጭ፣ አባትህ አቦይ ሃብተማርያም ቆመው ይሰሙህ ነበር። እኔም ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥፊ መቱኝ። ደገሙኝ። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሜ ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ አልሸሸሁም፤ ይበለኝ። እጃቸው ሲዝል ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጓለይ፣ አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ በደወለ ቁጥር ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋሁት ለዚህ ነው?»

«አዎ፣ አቦይ።»

ልወጣ ስነሳ ቀሚሴን ያዙኝ።

«እኔ በምን አፌ እደውልለታለሁ? አንቺ ጻፊለት።»

ኣንዶም፣ እኔን ጥላኝ፤ ሐቅህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬም አላስቸግርህም። ይህን የጻፍኩት ከአባትህ የተላክሁትን ለማድረስ ነው፦ «ልጄ ምንም አላጠፋም፤ ወደ ቤቱ ይግባ» ብለውሃል።

የበደለችህ
ናዝሬት