«ደህና ናት» ተብለው የተመዘገቡት የወይዘሪት የትምወርቅ ዓባይነህ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት የትምወርቅ ዓባይነህ ከአባታቸው ከአቶ ዓባይነህ ደሳለው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሀንነሽ አለምነው ሰኔ 21 ቀን 1993 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስላረፉባቸው፣ እናታቸውም ለሥራ ወደ ሪያድ ስለተሻገሩ፣ ያደጉት በአያታቸው በወይዘሮ አልታዬ አድማሴ እጅ ነው። ይህንንም የጻፉት አያታቸው ናቸው። የልጅ ልጅን አንቱ ማለት ባይለመድም፣ በየቢሮው «አንቺ፣ ዞር በይ» ሲባሉ ስለኖሩ ዛሬ እንኳ አንቱ ይባሉ ብለው ነው።

ትምህርታቸውን በቀበሌያቸው ጀምረው በመካነ ሰላም እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። ጽሕፈታቸው ከማማሩ የተነሳ የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ የሚጥል በሽታ ጀመራቸው። አያታቸው «ስሟ ከጠፋ ማን ያገባታል?» ብለው ደበቁት፤ ጠበል እንጂ ጤና ጣቢያ አልወሰዷቸውም። ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ሱሀይላ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በአሥረኛ ክፍል ግን ፈተና መሀል ሕመሙ ተነስቶባቸው ስለወደቁ ሁሉም አወቀ። ትምህርቱም ቀረ፣ ትዳሩም ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ምዝገባ መጣ። መሥራት የሚችል የእርከን ድንጋይ ተሸክሞ እርዳታ ያገኛል፤ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሳይሠራ ያገኛል። ቅጹ ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ፣ እግር ይላል፤ ለሚጥል በሽታ ቦታ የለውም። መዝጋቢው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «እንደምን ነሽ?» አላቸው። የትምወርቅም አያታቸው እንዳስተማሯቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። በእኛ አገር ምስጋና ሳያስቀድም ችግሩን የሚያወራ ማን አለ? ሊሞት የሚያጣጥረውም እንዲሁ ይላል። መዝጋቢው ግን ጻፈው፤ «ደህና ናት፤ ሙሉ አካል አላት።»

አያትና ልጅ ለአቤቱታ ወደ ምዝገባው ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ማመልከቻውን የጻፉት ራሳቸው የትምወርቅ ነበሩና ያማረው ጽሕፈት ጎዳቸው፤ «እንዲህ የሚጽፍ እጅ ድንጋይ ማንሳት ያቅተዋል?» ተባሉ። ወይዘሮ ሱሀይላ አብረው ሄደው «ወላሂ፣ ስንቴ ከወደቀችበት በእጄ አንስቻታለሁ!» ቢሉ፣ «ጎረቤት ሰነድ አይሆንም፤ ስትወድቅ አምጧት» ተባለ። «ልጄ፣ ቀጠሮ ይዞ የሚጥል በሽታ አለ ወይ?» ብለው አያታቸው ቢጠይቁ ተሳቀባቸው። የሕክምና ካርድ አምጡ ተባለ፤ ካርድ የለም። ለምን እንደሌለ ከላይ ተጽፏል። አያታቸው ይህን ይዘውት መቃብር ይወርዳሉ።

የትምወርቅ ሥራ ሲወጡ አያታቸው «ከገደሉ ራቂ፣ ውኃ ጠጪ፣ ፀሐይ አይምታሽ» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም «እማዬ፣ ሙሉ አካል እኮ አለኝ፤ ማኅተም ተመትቶበታል» ብለው ያስቋቸው ነበር። የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ እንደተሸከሙ ሕመሙ ጣላቸው። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ሱሀይላ ሮጡ፤ አልደረሱላቸውም። በተወለዱ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አያታቸው፣ ታናሽ እህታቸው ምህረት፣ የመውጫ ፈቃድ አጥተው ከሪያድ በስልክ የሚያለቅሱት እናታቸውም ቀርተዋል። ካርድ የማይጠይቅ አምላክ ነፍሳቸውን ሸክም በሌለበት፣ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

ለቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የኮሚቴ ሰዎችም መካከላችን እንደቆማችሁ አያታቸው አይተዋችኋል። ነገ ቤት ስትመጡ እንደ ወጉ «እንደምን ናችሁ?» ትላላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ግን አይደለንም። ይሄም ይጻፍ።